38 ጊዜ ጥሎ መነሣት፦ ቲየሪ ዱዞቷርና የፎርዋርድ ሥራ

ክቡራትና ክቡራን፣

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ፈረንሳዊ የራግቢ ተጫዋች ነው። ስሙ ቲየሪ ዱዞቷር ይባላል፤ የፈረንሳይን ብሔራዊ ቡድን በ56 ጨዋታዎች በአምበልነት መርቷል፣ በ2011 የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። ራግቢ በእኛ ዘንድ እንደ እግር ኳስና እንደ ሩጫ የተለመደ ስላልሆነ ወደ ሰውየው ከመግባቴ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ጥቂት ማለት ይኖርብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላሳውቃችሁ።

እኛ የእግር ኳስ ተመልካቾች «ፎርዋርድ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ወዲያው በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጎል የሚያገባው አጥቂ ነው። በራግቢ ግን ነገሩ ከዚህ የራቀ ነው። ከ15ቱ ተጫዋቾች መካከል ከ1 እስከ 8 ቁጥር የሚለብሱት ፎርዋርዶች ይባላሉ፤ ሥራቸውም ኳሱን ከተጋጣሚ ጋር ተገፋፍተው ማግኘት፣ ያገኙትን ጠብቆ ማቆየትና ከኋላ ላሉት ፈጣን ሯጮች ማድረስ ነው። በስክረም ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የሚገፉት እነርሱ ናቸው፤ ኳስ የያዘ ሰው ወድቆ ሌሎች ሲከመሩበት ከሥር የሚገኙትም እነርሱ ናቸው። ጭብጨባው በአብዛኛው ኳሱን ይዞ የግብ መስመሩን ለሚያልፈው ሯጭ ይሰጣል፤ ያ ኳስ እንዴት እንደተገኘ ግን ብዙ ሰው አያስታውስም።

ዱዞቷር ከፎርዋርዶች መካከል ፍላንከር የሚባለው ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም 6 ቁጥር ይለብስ ነበር። ፍላንከር በስክረሙ ጎን ተደግፎ የሚቆም፣ ኳሱ እንደወጣም ከሌሎቹ ቀድሞ ተላቅቆ የሚሮጥ ተጫዋች ነው። ዋነኛ ተግባሩ ታክል ነው፤ ይኸውም ኳስ ይዞ የሚመጣውን ተጋጣሚ አቅፎ መሬት ላይ መጣል ማለት ነው። ሕጉ የወደቀው ሰው ኳሱን እንዲለቅ ያስገድደዋል፤ ነገር ግን የጣለውም ሰውየውን ለቅቆ በእግሩ ካልቆመ ኳሱን መንካት አይፈቀድለትም። ስለዚህ የታክል ሥራ ሁለት እኩሌታዎች አሉት፤ አንደኛው መጣል ነው፣ ሁለተኛው መነሣት። ተመልካች የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። አሰልጣኞች አጥብቀው የሚከታተሉት ግን ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው በሩጫ ሲመጣ አንድ ጊዜ መጣል ብዙዎች የሚችሉት ሲሆን፣ ጥሎ ወዲያው ተነሥቶ የሚቀጥለውን መጣል፣ ከዚያም ሌላውን፣ ይህንንም ለ80 ደቂቃ ማድረግ የጥቂቶች ሥራ ነው። እኔ ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ስለዚህኛው ሁለተኛ እኩሌታ ለመናገር ነው።

ቲየሪ ዱዞቷር የተወለደው ኅዳር 18 ቀን 1981 በኮትዲቯር፣ በአቢጃን ከተማ ነው። አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ ኮትዲቯራዊት ናቸው። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በፔሪጌ ከተማ አደገ። ያ አካባቢ የራግቢ አገር ነው፤ ከቦርዶ እስከ ቱሉዝ፣ ከዚያም እስከ ባስክ ምድር ድረስ ትንሹ ከተማ ሁሉ የራሱ ክለብ አለው። ሆኖም ልጁ መጀመሪያ የተማረው ጁዶ ነበር። ራግቢ የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ከፔሪጌ አጠገብ ባለችው በትሬሊሳክ ሲሆን፣ ይህም በዚያ አገር ልማድ በጣም የዘገየ ነው፤ አብረውት የተጫወቱት ብዙዎች ገና በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ኳሷን የጨበጡ ናቸው። ጁዶው ግን በከንቱ አልቀረም ብዬ አምናለሁ። የተጋጣሚን ክብደት በራሱ ላይ መልሶ መጠቀም፣ ሰውን ሲጥሉ የራስን ሚዛን አለመሳት፣ ወድቆም ሳይጎዱ መነሣት፣ እነዚህ ሁሉ የጁዶ የመጀመሪያ ትምህርቶች ናቸው፤ የዱዞቷርን ታክል ደጋግሞ ለተመለከተ ሰው እነዚሁ ትምህርቶች ወለል ብለው ይታያሉ።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ልጨምር። ራግቢ ዩኒየን፣ ማለትም ይህ የምነግራችሁ የ15 ሰዎች ራግቢ፣ እስከ 1995 ድረስ በደንቡ የአማተሮች ጨዋታ ነበር፤ ተጫዋች በይፋ ደመወዝ እንዳይቀበል ይከለከል ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ዓለም አቀፉ የራግቢ ቦርድ ፓሪስ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ጨዋታው ለሙያተኞች ተከፈተ። ዱዞቷር ያን ጊዜ 13 ዓመቱ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታላላቅ የፈረንሳይ ፎርዋርዶች ከጨዋታው ጎን ሌላ መተዳደሪያ ነበራቸው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ በክለብ ማሠልጠኛ ያደጉ፣ ራግቢን ብቻ ሙያቸው ያደረጉ ናቸው። እርሱ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። ለትምህርት ወደ ቦርዶ ሄደና በከተማዋ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብቶ የኬሚካል ምሕንድስና አጠና፤ በቦርዶ ቤግል ክለብ የተጫወተውም ከትምህርቱ ጎን ለጎን ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ መሐንዲስ ሆነ። ሥልጠናና ላቦራቶሪ በአንድ ቀን ውስጥ ማስኬድ ምን ያህል እንደሚከብድ በመካከላችሁ ያላችሁ ተማሪዎችና ስፖርተኞች ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

ከቦርዶ በ2003 ወደ ኮሎሚዬ ተዛወረ። ኮሎሚዬ በቱሉዝ ዳርቻ ያለ ክለብ ሲሆን ዱዞቷር በተጫወተበት ዓመት ከከፍተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ወጣቱን ፍላንከር ግን ቢያሪትዝ ወሰደው፤ ያን ጊዜ ቢያሪትዝ ከፈረንሳይ ኃያላን ክለቦች አንዱ ነበር። እዚያ በካሜሩን የተወለደውና በፈረንሳይ ታላላቅ ፍላንከሮች ተርታ የሚቆጠረው ሰርዥ ቤትሰን ነበረ። ለታክል ሥራ ከቤትሰን የተሻለ አርአያ በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አልነበረም። ቢያሪትዝ በ2005 ስታድ ፍራንሴን ተጨማሪ ሰዓት በፈጀ የፍጻሜ ጨዋታ 37 ለ34፣ በ2006 ደግሞ ቱሉዝን 40 ለ13 አሸንፎ የብሬኑስ ጋሻ የተባለውን የአገሪቱን ሻምፒዮናነት ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። በዚያው በ2006 ሰኔ ወር ዱዞቷር ቡካሬስት ላይ ከሩማኒያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረንሳይን መለያ ለበሰ። ከዚያም ወደ ቱሉዝ ተዛውሮ እስከ ጡረታው ድረስ ለ11 ዓመታት እዚያው ቆየ። በቱሉዝ በ2008፣ በ2011ና በ2012 የብሬኑስን ጋሻ፣ በ2010 ደግሞ የአውሮፓን ሄኒከን ካፕ አገኘ። የ2010ሩን ዋንጫ ቱሉዝ የወሰደው 21 ለ19 በሆነ ውጤት ነው፤ ተሸናፊውም የቀድሞ ክለቡ ቢያሪትዝ ነበር።

የክለቡን ታሪክ በዚሁ ልተወውና ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የዚህን ሰው ሕይወት በዋንጫ ቆጠራ መናገር ይቻላል፤ ነገር ግን እኔ ከዚያ ይልቅ አንድን ተጋጣሚ ተከትዬ መናገርን መረጥሁ። ያ ተጋጣሚ ኦል ብላክስ በመባል የሚታወቀው የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ነው። ዱዞቷር ከእነርሱ ጋር ብዙ ጊዜ ተገናኝቷል፤ ከእነዚያ መካከል ግን አራቱ የሕይወቱን ቅርጽ የሚያሳዩ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጥቅምት 6 ቀን 2007 ካርዲፍ ላይ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ነው። የዚያ ዓመት አስተናጋጅ ፈረንሳይ ነበረች፤ ሆኖም በመክፈቻው ጨዋታ በአርጀንቲና 17 ለ12 ስለተሸነፈች ከምድቧ ሁለተኛ ሆና አለፈች፤ ሩብ ፍጻሜውንም ከአገሯ ውጪ፣ ዌልስ ሄዳ መጫወት ግድ ሆነባት። ዱዞቷር በመጀመሪያው የተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ የተጠራው ኤልቪስ ቬርሙለን በመጎዳቱ ነው። ጨዋታው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቤትሰን ራሱን ተመትቶ ወጣ። ኒውዚላንድ እስከ ዕረፍት 13 ለ3 መራች፤ ኳሱም አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ እጅ ነበር። ፈረንሳውያኑ የቀራቸው ሥራ መከላከል ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ጨዋታ ዱዞቷር 38 ታክል አደረገ። ቁጥሩ ለራግቢ እንግዳ ለሆነ ሰው ብዙም ላይመስል ስለሚችል በሰዓት ላስላው፤ በ80 ደቂቃ ውስጥ 38 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው ከስድስት ሰከንዱ አንድ ሰው ጥሎ መነሣት ማለት ነው። አንድ ጥሩ ፍላንከር በአንድ ጨዋታ 15 ያህል ካደረገ ቀኑ ሠምሮለታል ይባላል። ጨዋታውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ በየጊዜው የሚያስደንቀኝ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ነው፤ ሌሎቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ሲተነፍሱ እርሱ መስመሩ ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ሳያንሰው በሁለተኛው አጋማሽ ራሱ ትራይ አገባ፤ ትራይ ማለት ኳሱን ከግብ መስመሩ ባሻገር መሬት ማስነካት ሲሆን አምስት ነጥብ ያስገኛል። ቀደም ሲል ከተገኘ የቅጣት ምት ጋር ተደምሮ፣ ከትራዩ በኋላ በተመታው ኳስ ውጤቱ 13 ለ13 ሆነ። ኒውዚላንድ እንደገና 18 ለ13 መራች፤ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ውስጥ ግን ያኒክ ዦዚዮን ትራይ አገባና ፈረንሳይ 20 ለ18 አሸነፈች። ለዚያ ትራይ መነሻ የሆነችው ቅብብል ወደ ፊት የተወረወረች እንደነበረች እዚህ መናገር ይገባኛል፤ በራግቢ በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው፣ ዳኛው ዋይን ባርንስም ሳያየው ቀርቷል። ኒውዚላንዳውያን ለዓመታት ያዘኑበት ነገር ነው፤ ኀዘናቸውም ያለምክንያት አልነበረም። ሆኖም ያ ስሕተት 38ቱን ታክሎች አይሽራቸውም። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ እስከዚያች ቅብብል ድረስ ውጤቱ ተቀራርቦ ባልቆየ ነበር። ፈረንሳይ በሳምንቱ በግማሽ ፍጻሜው በእንግሊዝ 14 ለ9 ተሸነፈች።

ሁለተኛው ግንኙነት በሰኔ 2009 ኒውዚላንድ ምድር ላይ ነው። የቡድኑ አምበል ሊዮኔል ናሌ ባለመኖሩ አሰልጣኙ ማርክ ሊየቭሬሞን አምበልነቱን ለዱዞቷር ሰጠው። ዱዞቷር ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ በልብስ መለወጫ ክፍል ረጅም ንግግር የማድረግ ልማድ አልነበረውም። ፈረንሳይ ደኒዲን ላይ 27 ለ22 አሸነፈች፤ ይህም በኒውዚላንድ ምድር ከ1994 ወዲህ የመጀመሪያ ድሏ ነበር። በሳምንቱ ዌሊንግተን ላይ 14 ለ10 ተሸነፈች። አንድ ለአንድ በመሆናቸው ለዋንጫው የሁለቱ ጨዋታዎች ነጥብ ተደመረ፤ ፈረንሳይ 37፣ ኒውዚላንድ 36፤ የዴቭ ጋላኸር ዋንጫ በአንዲት ነጥብ ብልጫ ወደ ፓሪስ ሄደ። እርግጥ ነው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ኦል ብላክስ ማርሴይ መጥተው 39 ለ12 አሸንፈዋል። በቀጣዩ ዓመት ግን ዱዞቷር የመራው ቡድን በየዓመቱ በሚደረገው በአውሮፓ ስድስቱ አገሮች ውድድር አምስቱንም ጨዋታዎች አሸንፎ፣ በመጨረሻም እንግሊዝን 12 ለ10 ረትቶ ግራንድ ስላም አገኘ።

ሦስተኛውን ሳስብ እስካሁን ልቤ ይነካል። የ2011 የዓለም ዋንጫ በኒውዚላንድ ተካሄደ፤ የፈረንሳይ ቡድንም ወደዚያ የሄደው ተከፋፍሎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዓመት ሮም ላይ በጣሊያን 22 ለ21 ተሸንፎ ነበር፤ አሰልጣኙና ተጫዋቾቹ የሚነቃቀፉትም በጋዜጠኞች ፊት ነበር። በምድቡ በኒውዚላንድ 37 ለ17፣ ከዚያም ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ በቶንጋ 19 ለ14 ተሸነፈ። እንዲህ ያለ ቡድን ሲፈርስ ማየት የተለመደ ነው። ይህኛው ግን አልፈረሰም፤ ለዚህም ከአሰልጣኙ ይልቅ የአምበሉና የጥቂት ነባር ተጫዋቾች ድርሻ የጎላ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሩብ ፍጻሜው ላይ እንግሊዝን 19 ለ12፣ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ዌልስን 9 ለ8 አሸነፉ። ይህ የመጨረሻው ድል የሚያኮራ አልነበረም፤ የዌልሱ አምበል ሳም ዋርበርተን ገና በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ በቀይ ካርድ ወጥቶ ስለነበር ፈረንሳይ ከአንድ ሰዓት በላይ የተጫወተችው ከ14 ሰዎች ጋር ነው፤ ያም ሆኖ በአንዲት ነጥብ ብቻ ተረፈች።

ጥቅምት 23 ቀን በኦክላንድ፣ ኤደን ፓርክ፣ የፍጻሜው ጨዋታ ሊጀመር ሲል ኒውዚላንዳውያኑ ሃካ የተባለውን የማኦሪዎችን የፉከራ ውዝዋዜ አሳዩ። ነጭ የለበሱት ፈረንሳውያን እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አምበላቸውን በፊት አድርገው፣ እንደ ቀስት ጫፍ ተሰልፈው ቀስ በቀስ ወደ እነርሱ ተራመዱ። የሜዳውን አጋማሽ መስመር በማለፋቸውም በኋላ ገንዘብ ተቀጡ። ፉከራን በፉከራ መመለስ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ኒውዚላንድ በቶኒ ውድኮክ ትራይና በስቲቨን ዶናልድ የቅጣት ምት 8 ለ0 መራች። ዶናልድ በመጀመሪያው ዝርዝር ያልነበረ፣ እርሱን የሚቀድሙት ተጫዋቾች ተራ በተራ ስለተጎዱ በመጨረሻ የተጠራ ሰው ነበር፤ ልክ ዱዞቷር በ2007 እንደተጠራው። በ47ኛው ደቂቃ ዱዞቷር ራሱ ከምሰሶዎቹ አጠገብ ትራይ አገባ፤ ፍራንሷ ትሪን ዱክም ኳሱን አስገብቶ ውጤቱን 8 ለ7 አደረሰው። ከዚያ በኋላ 33 ደቂቃ ያህል ቀርቶ ነበር። በእነዚያ ደቂቃዎች ማንም ነጥብ አላገኘም። ትሪን ዱክ ከሩቅ የመታው የቅጣት ምት ሳተ፤ ፈረንሳውያን ደጋፊዎችም ዳኛው ሊሰጠን የሚገባ ቅጣት ከልክሎናል ብለው እስከ ዛሬ ይናገራሉ፤ እንግዲህ በ2007 ኒውዚላንዳውያን ያሉትን በ2011 ፈረንሳውያን አሉት። ጨዋታው በ8 ለ7 ተፈጸመ። የዕለቱ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው የተሸናፊው ቡድን አምበል ዱዞቷር ነበር። በማግስቱም የዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተሸለመ፤ ይህን ሽልማት ከእርሱ በፊት ያገኘው ፈረንሳዊ በ2002 ፋቢየን ጋልቲዬ ብቻ ነበር። የዓለምን ዋንጫ በአንዲት ነጥብ ባጣ ማግስት እንዲህ ያለ ክብር መቀበል ምን ዓይነት ስሜት እንደሚያሳድር እኔ መናገር አልችልም።

ከዚያ በኋላ የመጡት አራት ዓመታት ለፈረንሳይ ራግቢ መልካም አልነበሩም። አዲሱ አሰልጣኝ ፊሊፕ ሴንታንድሬ ብዙ ተጫዋቾችን ቢሞክርም ቡድኑ በስድስቱ አገሮች ውድድር ከላይኛው ደረጃ ራቀ። የዱዞቷርም ሰውነት የሥራውን ዋጋ ይከፍል ጀመር፤ ጉልበቱንም ክንዱንም ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ርቋል፤ በዚያ ጊዜም ፓስካል ፓፔ አምበልነቱን ይረከበው ነበር። በየጨዋታው በደርዘን የሚቆጠር ሰው በትከሻው ሲያስቆም የኖረ ገላ እንዲህ ቢሆን አይገርምም፤ የሚገርመው በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ሥራ በዚያው መጠን መሥራቱ ነው። ፋቢየን ፔሉ ይዞት የነበረውን የ42 ጨዋታ የአምበልነት ክብረ ወሰንም በእነዚህ አስቸጋሪ ዓመታት ውስጥ አለፈው።

አራተኛው ግንኙነት ጥቅምት 17 ቀን 2015 ሆነ፤ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ቦታውም እንደገና ካርዲፍ። ያው ስታዲየም፣ ያው ተጋጣሚ፣ ያው የውድድር ደረጃ፤ የኒውዚላንድ አምበልም በ2007ም በ2011ም የነበረው ሪቺ ማኮው፣ እርሱም ፍላንከር። ኒውዚላንድ ዘጠኝ ትራይ አግብታ 62 ለ13 አሸነፈች፤ ጁሊያን ሳቪያ ብቻውን ሦስት አገባ። በዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ እንዲህ ያለ ልዩነት ማየት ያሳምማል። ጨዋታውን ያየ ሰው ግን ውጤቱ ከእጅ ከወጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ የፈረንሳይ አምበል ከመሬት ተነሥቶ ወደ መስመሩ ሲመለስ ተመልክቷል። 80ኛውና የመጨረሻው የብሔራዊ ቡድን ጨዋታው ይህ ነበር። ለቱሉዝ እስከ 2017 ተጫውቶ በ35 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

በ2023፣ የዓለም ዋንጫ ዳግመኛ በፈረንሳይ በተካሄደበት ዓመት፣ ዱዞቷር በዓለም ራግቢ የዝነኞች መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፈረ። አብረውት ከገቡት አራት ሰዎች አንዱ የኒውዚላንዱ ዳን ካርተር ነበር። ካርተር በ2007 ካርዲፍ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ዱዞቷር በመከላከያው መስመር ላይ ነበር፤ በ2011 ካርተር በጉዳት የዓለም ዋንጫውን ፍጻሜ ከውጪ ሲመለከት ዱዞቷር ትራይ አገባ፤ በ2015 ደግሞ ያንን የ62 ነጥብ ጨዋታ ሲመራ የነበረው ካርተር ነበር፤ ኳሱን ይዞ ሲመጣም ከፊቱ ሊያስቆመው የሚሞክረው ያው 6 ቁጥር ነበር።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።